የደረጃው ጥንካሬ ከወለሉ በታች ነው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእጅ ሥራ ክበብ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን የመናገር ተራ ለክበባችን በደረሰ ጊዜ ብዙዎች ስለ ቡና እንድንናገር መክረውን ነበር። ምክራቸውም ክፉ አልነበረም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፥ ከበበቃ እርሻ እስከ ሸኮ ደን፥ ዐይናችን የሚያርፈው በቡና ላይ ነው። እኛ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ ስለ አንድ ደረጃ እንድንናገር ተስማማን። እርሱም ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ፎቅ የሚያስወጣው አሮጌ የእንጨት ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ በዘንድሮው ዓመት የብረት ዘንጎችና የብረት ምሰሶዎች ተክለናል። «ከዚህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ይወጣል?» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በመጀመሪያ በአሳባችን እንድንግባባ ስማቸውን እንለይ። በደረጃ ላይ ስንወጣ እግራችን የሚያርፍበት ሳንቃ መርገጫ ይባላል። በጎን በኩል እጃችን የሚንሸራተትበት ረጅም እንጨት እጅ መያዣ ነው። ከመርገጫው ተነሥተው እጅ መያዣውን የሚደግፉት ቀጫጭኖች ቋሚ ዘንጎች ይባላሉ። በደረጃው ግርጌና ራስ ላይ የሚቆሙት ሁለቱ ወፍራሞች ደግሞ ዋና ምሰሶዎች ናቸው። ዘንጎቹን ሁሉም ሰው ያያቸዋል፥ ያደንቃቸዋልም። ሥራውን በሙሉ ተሸክመው የሚኖሩት ግን ዋና ምሰሶዎቹ ናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁም ታሪክ ይህን ሳናውቅ ጀምረን እንዴት እንዳወቅነው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። እንደምታውቁት በእኛ አገር ዝናብ የሚቆምበት ወር ጥቂት ነው፤ በዓመትም ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። በዚያ ቀን ጧት ደረጃው በጭቃ እግር ረጥቦ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል እኅታችን ከቴፒ በኩል ወደ ትምህርት ቤታችን ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። መጻሕፍት ታቅፋ ከፎቅ ስትወርድ እግሯ አዳለጣት። ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው እጅ መያዣውን ጨበጠች። እጅ መያዣው ግን ከነዘንጎቹ ተነቅሎ አብሯት ወደቀ። ክንዷ ተሰበረ።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ሌላ ነገር ነው። ያ እጅ መያዣ የላላ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩትም ያውቁ ነበር። በደረጃው ስንወጣ በግድግዳው በኩል ተጠግተን መውጣትን ለምደን ነበር። አንዱ ለሌላው «እሱን እንዳትነካው» እያለ ያስጠነቅቃል። ይህም ማስጠንቀቂያ ጥገና የሆነልን መስሎን ዓመታት አለፉ። ለዚያች ልጅ ግን ማንም አልነገራትም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነበር፤ እኛ ግን ተረቱን በደብተራችን ጽፈን ደረጃውን ተውነው።

በማግሥቱ የክበባችን አባሎች ተሰብስበን የወደቀውን እንጨት መረመርን። ከታች ያለው የዋና ምሰሶ እግር ተቦርቡሮ አገኘነው፤ ጣታችንን ስንጭነው እንደ ቈሎ ፈራረሰ። ምስጥ ከውስጥ በልቶት ነበር። ቀለሙ ግን ከላይ ያማረ ነበር። የቀሩትም ዘንጎች በአንዳንድ ምስማር ብቻ የተያዙ ነበሩ፤ ምስማሩም ዝጎ አልቋል።

እንግዲህ በምን እንተካው? በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «እንጨት በእንጨት ይተካ» አልን። ምክንያታችንም የቀድሞ ሰዎች ያማረ ደረጃና ሰገነት በእንጨት ብቻ ሠርተዋል የሚል ነበር። እውነትም ነው። በጅማ አጠገብ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የንጉሥ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሰገነቱና ደረጃው በእንጨት እንዴት እንደ ተዋበ ያውቃል። ሁለተኛው አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ሲሆን ያ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ጎብኚ ይቀበላል። በአዲስ አበባም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእንጨት ደረጃው የታወቀ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ቃጠሎ ጎድቶት ከታደሰ በኋላም እንግዳ ማስተናገዱን ቀጥሏል።

ነገር ግን የእነዚያ ቤቶች እንጨት የሚኖረው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። የእኛ ደረጃ በየቀኑ የብዙ መቶ ተማሪ ጭቃ እግር ይረግጠዋል፤ ምስጡም አያርፍም። በዚህም ላይ ለምሰሶ የሚሆን ወፍራም የዋንዛ ወይም የቀረሮ እንጨት ለማግኘት ትልቅ ዛፍ መጣል ያስፈልጋል። ቡናችን የሚያድገው በእነዚህ ዛፎች ጥላ ሥር መሆኑን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ስለዚህ ደኅና የነበሩትን መርገጫዎችና የዋንዛውን እጅ መያዣ እንዳሉ ልንጠብቅ፥ ምስጥ የሚበላቸውን ምሰሶዎችና ዘንጎች ግን በብረት ልንተካ ወሰንን።

ገንዘቡን ያገኘነው ከቡና ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቅዳሜ ቅዳሜ በአቅራቢያው ባሉ ገበሬዎች ማሳ ቀይ ቡና ለቅመን የኪሎ ዋጋ ተቀበልን። በተገኘውም ገንዘብ ብረት ገዛን። በከተማችን የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢና አንድ ወጣት በያጅ ያለ ደመወዝ ሊያስተምሩን ፈቀዱ። አናጢውን «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ እርሳቸውም እኛን «ልጆቼ» ይሉን ነበር። በያጁ በዕድሜ ለእኛ ስለሚቀርብ እንደ ወንድም አየነው።

ስለ ብረት ሠሪ ሰው ጥቂት ብንናገር ከርእሳችን የወጣን አይመስለንም። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ብረትን የሚያውቁ ሰዎች ከጥንት ነበሩ። ከማጂ ወዲያ በኦሞ ወንዝ በኩል ያሉት የዲሜ ሰዎች ድንጋዩን በምድጃ አቅልጠው ብረት በማውጣት የታወቁ ነበሩ። ሆኖም በብዙ የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያሉ መስደብ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው (1882–1906 ዓ.ም.) የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው በታሪክ ይነገራል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም በዚህ ሥራ ላይ የተማርነው አንዱ ነገር ማረሻውን፥ መጥረቢያውን፥ የቤቱንም ማጠፊያ የሚሠራልንን ሰው አክብሮ መጥራት ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ በእያንዳንዱ መርገጫ ላይ ስንት ዘንግ ይቁም የሚል ነበር። ደረጃችን 14 መርገጫዎች አሉት፤ የያንዳንዱም ጥልቀት 28 ሳ.ሜ. ነው። ገንዘብ ያዣችን ሁለት ሁለት ይበቃል አለ። ሁለት ቢሆን 28 ዘንግ ያስፈልጋል፤ ይህም 6 ሜትር ርዝመት ካለው ብረት ከአምስት ይወጣል። ሦስት ሦስት ቢሆን ግን 42 ዘንግ፥ ማለትም ሰባት ብረት ይፈጃል። የሁለት ብረት ልዩነት ለእኛ የስንት ቅዳሜ ለቀማ እንደ ሆነ ቅርጫት የተሸከመ ያውቀዋል።

ጋሼ ግን አንዲት 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያላት ቍራጭ እንጨት ከኪሳቸው አወጡ። «ይህች በሁለት ዘንግ መካከል ካለፈች የሕፃን ገላም ያልፋል፤ ጭንቅላቱ ግን ተይዞ ይቀራል» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን። በእጃችን ያለው ዘንግ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሁለት ብናቆም በመካከላቸው ወደ 13 ሳ.ሜ. የሚጠጋ ክፍተት ይቀራል፤ ሦስት ሦስት ብናቆም ግን ክፍተቱ 8 ሳ.ሜ. ገደማ ብቻ ይሆናል። ኋላ በመጽሐፍ ስንመለከት በአሜሪካና በእንግሊዝ አገርም የቤት ሥራ ደንብ በዘንጎች መካከል 10 ሳ.ሜ. ገደማ የሆነ ኳስ እንዳያልፍ የሚያዝ መሆኑን አገኘን። የደንቡ ጸሓፊና የእኛ ጋሼ ሳይተዋወቁ በአንድ ልክ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ያሰቡት ስለ ሕፃን ነውና። ሰባቱም ብረት ተገዛ።

ዘንጎቹን ስንቈርጥ ሌላ ነገር ተማርን። ሁሉም ዘንግ በአንድ ልክ የሚቈረጥ መስሎን ነበር። እጅ መያዣው ግን ሽቅብ ስለሚሄድ በአንድ መርገጫ ላይ የቆሙት ሦስቱ ዘንጎች ልካቸው የተለያየ ነው። ደረጃችን በየመርገጫው 18 ሳ.ሜ. ስለሚነሣ እያንዳንዱ ዘንግ ከጎረቤቱ በ6 ሳ.ሜ. ይበልጣል። 82፥ 88፥ 94 እያልን ቈረጥን። ሦስቱ ተደምረው 264 ሳ.ሜ. ስለሚሆኑ አንዱ ብረት ለሁለት መርገጫ በቃ፤ የተረፈውም ቍራጭ ለሌላ ሥራ ተቀመጠ። በክፍል ውስጥ «ይህ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል?» ብለን ያጉረመረምነውን መምህራችንን ይቅርታ የጠየቅነው በዚያን ቀን ነው።

የብየዳው ሥራ ሁሉ የተፈጸመው በሜዳ ላይ ነው። በያጁ ብልጭታውን ወደ አሮጌ ደረቅ እንጨት ማስጠጋት ቤትን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው ብሎ አስጠነቀቀን፤ በሜዳም ቢሆን በአጠገቡ ባልዲ ውኃና አሸዋ ሳይኖር ሥራ አልጀመረም። ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀን፥ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባን፤ በላዩም የዘይት ቀለም ደረብን። በተለይ እንጨት ውስጥ የሚገባው ጫፍ ሳይቀባ እንዳይቀር ተጠነቀቅን፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ የተቀበረ ብረት በማይታይበት ቦታ ይዝጋልና።

በታኅሣሥ መጨረሻ ሥራው ያለቀ መሰለን። ሁለቱን ዋና ምሰሶዎች ያቆምነው እንዲህ ነበር። በምሰሶው እግር ሥር 12 ሳ.ሜ. በ12 ሳ.ሜ. የሆነ ላሜራ አስበየድን፤ በአራቱ ማዕዘን ቀዳዳ አበጀን፤ ከዚያም አናጢዎች ቪቴ በሚሉት በጥምዝ ምስማር ከሳንቃው ጋር አጣበቅነው። ይህን ያደረግነው ጋሼ ለአንድ ሳምንት ወደ ገጠር ሄደው ሳሉ ነው። እርሳቸው እስኪመለሱ መቈየት ነበረብን፤ እኛ ግን በዓሉ ቀረበ ብለን ቸኰልን። ዘንጎቹ በሰልፍ ቆመው ሲታዩ እጅግ ያምሩ ነበር። አላፊ አግዳሚውም እያየ አመሰገነን።

ጋሼ ሲመለሱ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ስለ ውበቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። የታችኛውን ምሰሶ ራስ በአንድ እጃቸው ይዘው ገፉት። ምሰሶው አንድ ጣት ያህል ዘመም አለ። እንደገና ሳቡት፤ ተመለሰ። ከዚያም «ልጆቼ፥ ይህ የቆመ ሳይሆን የተቀመጠ ነው» ብለው ወጡ።

እኛም ምክንያቱን ለማወቅ ነገሩን ወደ ፊዚክስ መምህራችን ወሰድነው። መምህራችን ምሰሶውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣሉልንና ይህ መፈንቅል ነው አሉን። አንድ የሚወድቅ ሰው እጅ መያዣውን በ90 ኪሎ ግፊት ቢደገፍ፥ ግፊቱ የሚያርፈው ከወለሉ 100 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ነው። ታች ያለው ላሜራ ግን ጥምዝ ምስማሩን ከሚነሣበት ጠርዝ የሚያርቀው 10 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። 90 በ100 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 900 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፤ ዘጠኝ ኩንታል ቡና ሦስት ሳ.ሜ. ብቻ ሳንቃ በነከሱ ሁለት ጥምዝ ምስማሮች ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። የወደቀው አሮጌው ምሰሶ እንኳ ከዚህ ብዙ የከፋ አልነበረም። እኛ የሠራነው የቀድሞውን ስሕተት በብረት ነበር።

በዚያ ማታ ያደረግነውን ስብሰባ አንረሳውም። ለበዓሉ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ገንዘባችንም አልቆ ነበር። ምሰሶዎቹን ለማስተካከል የግርጌውን መርገጫና የወለሉን ሳንቃ መንቀል፥ አዲስ ብሎኖችም መግዛት ያስፈልጋል። አንዳንዶቻችን እንዲህ አልን፦ «ላሜራውን በጌጠኛ እንጨት እንሸፍነው፤ ለበዓሉ ቀን ይቁም፤ ከዚያ በኋላ እናስተካክለዋለን። ተማሪውን ደግሞ ብዙ እንዳይደገፍበት እንነግረዋለን።» ይህ አሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ። እውነቱን ለመናገር ከእኛም ከተናጋሪዎቹ መካከል እጁን ያወጣለት አለ።

ያች ክንዷ የተሰበረው እኅታችን በዚያን ጊዜ የክበባችን አባል ሆና ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም አልተናገረችም። «ለሚመጣው አዲስ ተማሪ ማን ይነግረዋል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

መልስ የሰጠ የለም። ድምፅ መቍጠርም አላስፈለገም። በማግሥቱ ጧት ዘንጎቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» ያሉት ደረሰብን። የቡና ለቀማው ወራት አልፎ ስለ ነበረ ሁለት ቅዳሜ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ስናገላብጥና ብልሹውን ስንለይ ውለን የብሎኑን ዋጋ አገኘን።

ሁለተኛውን ሥራ ጋሼ በአጠገባችን ቆመው እንደሚከተለው አሠሩን። ሌላ ትምህርት ቤት ወይም ሌላ ቤት ይህን ሥራ ቢጀምር እንዲጠቅመው በተራ እንናገራለን።

አንደኛ፥ የወለሉን ሳንቃ ነቅለን ወለሉን የሚሸከመውን አግዳሚ እንጨት ፈለግን። በምስጥ ያልተነካ መሆኑን በመሮ እየወጋን መረመርን። ደኅና ነበር፤ ቁመቱም 25 ሳ.ሜ. ሆኖ አገኘነው።

ሁለተኛ፥ አግዳሚው ሲገፋ እንዳይጠመዘዝ በእርሱና በጎረቤቱ አግዳሚ መካከል ወፍራም ሞራሌ አጥብቀን አስገባን። ምሰሶ ቢጠነክር የተያዘበት እንጨት ከተጠመዘዘ ድካም ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፥ የምሰሶው እግር በሳንቃው ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሳንቃውን አልፎ እስከ አግዳሚው እንዲወርድ አስረዘምነው። በአግዳሚውም ጎን አስጠግተን በሁለት ብሎን ከዳር እስከ ዳር አሰርነው። የላይኛው ብሎን ከወለሉ በታች 4 ሳ.ሜ. ላይ፥ ሁለተኛውም ከእርሱ በታች 18 ሳ.ሜ. ላይ ነው። በእንጨቱ በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርገን ዳዶውን አጠበቅን። መምህራችን ሒሳቡን እንደገና ሲሠሩት በብሎኑ ላይ የሚደርሰው ጉተታ ወደ ስድስት ኩንታል ወርዷል። ትልቁ ልዩነት ግን በቍጥሩ አይደለም። በፊት የሚጎተተው ሦስት ሳ.ሜ. ሳንቃ የነከሰ ጥምዝ ምስማር ነበር፤ አሁን ግን ብሎኑ እንዲነቀል ሮንዴላውና ዳዶው አግዳሚውን በስተው ማለፍ አለባቸው።

አራተኛ፥ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ምሰሶውን በቱንቢ በሁለት ወገን ለካነው። አንድ ጊዜ ከፊት፥ አንድ ጊዜ ከጎን። በአንድ ወገን ብቻ የለካ ሰው ግማሹን እንደ ለካ ይቈጠራል።

አምስተኛ፥ ሁለቱ ምሰሶዎች ከቆሙ በኋላ በመካከላቸው ክር ወጥረን እጅ መያዣውን አሰርን። ከፍታው ከመርገጫው አፍ እስከ ላይ 90 ሳ.ሜ. ነው። ዘንጎቹ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። በመርገጫው ላይ 2 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ጕድጓድ፥ በእጅ መያዣው ሆድ ደግሞ ከዚያ የሚጠልቅ ጕድጓድ በመሰርሰሪያ አበጀን። ዘንጉን በመጀመሪያ ወደ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ከዚያም ወደ ታች ዝቅ አድርገን በመርገጫው ጕድጓድ እናሳርፈዋለን። የእጅ መያዣው ጕድጓድ የሚሰረሰረው በእንጨቱ ማጋደል ሳይሆን ከምድር በቀጥታ ሽቅብ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ዘንጉ አይገባም። በመጨረሻም ጕድጓዶቹን ውኃ እንዳይገባባቸው በማጣበቂያ ደፈንን።

ስድስተኛ፥ ሥራው ሲያልቅ ከክበባችን ሦስት ወፍራም ወፍራም ልጆች ተመርጠው እጅ መያዣውን በአንድነት ገፉት። አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው መጥተው እንደ ቀድሞው በአንድ እጃቸው ገፉ፤ ሳቡም። ከዚያ እጃቸውን በላዩ አሳርፈው እስከ ፎቅ ወጡ። ምስጋናቸው ይህ ብቻ ነበር፤ ለእኛም ከብዙ ጭብጨባ በለጠብን።

የተከበራችሁ እንግዶች፤

ዛሬ ከዚህ ንግግር በኋላ ቤተ መጻሕፍታችንን ትጎበኛላችሁ። ደረጃውን ስትወጡ ምናልባት የዘንጎቹን መስተካከል ታደንቁ ይሆናል። የዋናውን ምሰሶ እግር ግን አታዩትም። ሳንቃው ተመልሶ ተሸፍኗል። ሁለቱ ብሎኖች በጨለማ ውስጥ ናቸው፤ የበለጠ ገንዘብና የበለጠ ጊዜ የፈጀብን ግን እነርሱ ናቸው። ባንሠራቸውም ኖሮ ዛሬ ከእናንተ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ይህን ያውቅ የነበረው ከዓመታት በኋላ እግሩ የሚያዳልጠው አንድ የማናውቀው ተማሪ ነው።

እኛ ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዱ መምህር፥ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ገበሬ፥ ሌላውም ነጋዴ ይሆናል። በምንሄድበት ሁሉ «ለበዓሉ ቀን ይቁም» የሚል አሳብ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ «ለሚመጣው አዲስ ሰው ማን ይነግረዋል?» ብለን እንድንጠይቅ እርስ በርሳችን ቃል ተገባብተናል። የላላን ነገር እያወቁ ዙሮ ማለፍ ብልኅነት እንዳልሆነ በእኅታችን ክንድ ተምረናልና።

እናንተንም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የደረጃችሁን፥ የሰገነታችሁን ወይም የበረንዳችሁን መደገፊያ በእጃችሁ ግፉት። ቢነቃነቅ ሰውን ከማስጠንቀቅ በፊት የሥሩን እግር ተመልከቱ።

እኅታችን ክንዷ ድኖ ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ በር ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ደረጃውን የምታሳያችሁ እርስዋ ናት። እባካችሁ በግድግዳው በኩል ተጠግታችሁ አትውጡ፤ እጅ መያዣውን ያዙት።